ወደ ሐይቁ ዳር፤ ከዲላ እስከ ሐዋሳ የአንድ ቀን የወፎች ምልከታ ስለ ማዘጋጀት

በዚህ እትም የትምህርት ዓምድ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የምናቀርበው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ቀላል፣ ምናልባትም ከቤተ ክርስቲያን ሥራ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ወርዶ ወፎችን ሲመለከቱ መዋል ነው። እኛም በዕቅዳችን ላይ ስናሰፍረው ጥቂት አመንትተን ነበር። ምክንያቱን ከመነሻው ብንናገር ይሻላል።

በጌዴኦ ዞን ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ሰበካ ጉባኤው ለቤተ ክርስቲያኑ ቋሚ ገቢ ለማስገኘት በምሥራቅ በኩል ካለው አጥር ሥር የሚከራዩ ሱቆችን ለመሥራት አስቦ ምክር እንድንሰጥ ጠራን። በቦታው ላይ 9 ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል፤ 4 ዝግባ፣ 3 ዋንዛ፣ 2 ሾላ። ገቢው የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ አልነበረም፤ የአገልጋዮች ደመወዝ ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነበርና። ዛፎቹ ይቈረጡ ወይስ ይቈዩ የሚለው ክርክር ሲጦፍ፣ አንድ አባት «ለመሆኑ በእነዚህ ዛፎች ላይ የሚኖረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከተሰብሳቢው መካከል መልስ የሰጠ አልተገኘም። «ወፎች አሉ» አለ አንዱ ወጣት። ምን ዓይነት ወፎች ሲባል ግን ከርግብ፣ ከቁራና ከአሞራ የሚያልፍ ስም አልመጣም። በእውነቱ ከእኛም አልመጣም። የፕሮጀክት ባለሙያ ተብለን ተጠርተን፣ የምናስጠብቀውን ሳናውቅ ጠብቁ ስንል መገኘታችን አሳፈረን። ውሳኔው እስከ የካቲት ወር እንዲቆይ ተስማምተን ተለያየን፤ ለእኛም እስከዚያ ድረስ ወጣቶቹን ማየት የማስተማር ሥራ ተሰጠን።

ለምን ሐይቅ ዳር ድረስ መሄድ አስፈለገ? ወፍን ማየት ለሚጀምር ሰው የደን ወፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በቅጠል ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ድምፅዋ ይሰማል እንጂ አካሏ አይታይም። የውኃ ወፍ ግን ትልቅ ናት፤ በገላጣ ሥፍራ ትቆማለች፤ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ትቆያለች። ዓይኑን በውኃ ወፍ ላይ ያሠለጠነ ልጅ ወደ ግቢው ሲመለስ የዛፉን ወፍ መለየት ይቀለዋል። አንድ በዕድሜ የገፉ የኮሚቴ አባል ግን ይህን ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ ወፉ በደጃችን እያለ ለመኪና ኪራይ ገንዘብ ታወጣላችሁን?» አሉ። ቃላቸውን አልናቅነውም። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ልምምድ እንዲደረግ ዕቅዱን ለወጥነው። ከዚህ በፊት ባዘጋጀነው ዕቅድ ይህ አልነበረም፤ አሁን ግን ያለዚህ ልምምድ ማንኛውም አጥቢያ ጉዞውን እንዳይጀምር እንመክራለን።

ለትምህርቱ መግቢያ የሚሆነው ከሥነ ፍጥረት ትምህርታችን የታወቀው ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን በዕለተ ሐሙስ እግዚአብሔር ከውኃ ሦስት ወገን ፍጥረታትን ፈጠረ፤ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበርሩ። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ይሁን እንጂ «ወፍ ከውኃ» የሚለው ነገር ለአብዛኞቹ ቃል ብቻ ነው፤ በውኃ ላይ ጎጆዋን የሠራች፣ ጫጩቶቿን በማዕበል ላይ የምታሳድግ ወፍ አይተው አያውቁም። ከመጻሕፍትም ሦስት ቦታዎች በቂ ናቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ወደ 20 የሚጠጉ ወፎችን በየስማቸው ይዘረዝራል፤ የዚያ ዘመን እረኛና ገበሬ የሰማዩን ወፍ አንድ በአንድ ለይቶ ያውቅ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ በመንገዱ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ጥቂት ቢመስልም ረጅም ዕድሜ የሚል ተስፋ ተያይዞበታል። ሦስተኛው የተራራው ስብከት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርቱን ወደ ወፎች እንዲመለከቱ ሲያዝዝ፣ ቃሉ ዝም ብሎ ማየትን ሳይሆን አተኩሮ መመልከትን የሚያሳይ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ አለመጨነቅ ሰብከንበታል፤ መመልከቱን ግን እንደ ትእዛዝ ቆጥረን ፈጽመነው አናውቅም።

ስለ ቦታው ምርጫ እንናገር። አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ነገር ግን የቀደሙት ሰዎች ታላቁን ሐይቅ ሁሉ ባሕር ይሉት ነበር፤ የገሊላ ባሕርም ቢሆን ጣፋጭ ውኃ ያለው ሐይቅ ነው። ከዲላ ለተነሣ ሰው ሦስት አማራጮች አሉት። በርቀት ቅርቡ የዓባያ ሐይቅ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋቱ ቀዳሚ ነው፤ ከጌዴኦ ተራሮች የሚወርደውን ውኃም በጊዳቦና በገላና ወንዞች የሚቀበለው እርሱ ነው። ለትምህርቱ ይህ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሐይቁ ውኃ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ከተራራው ታጥቦ በወረደ አፈር ነውና፣ ከማሳችን የሄደውን በዓይናችን የምናይበት ቦታ ነው። ሆኖም ዓባያ አዞ የበዛበት ሐይቅ ነው፤ ልጆችን ይዞ በዳርቻው መዋል አይገባም። ሁለተኛው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ ስለ ውኃ ወፎች ሲባል የተከለለ፣ ፍላሚንጎ በብዛት የሚታይበት፣ የሻላም ሐይቅ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ድንቅ ሥፍራ ነው። ነገር ግን ከሻሸመኔ አልፎ የሚገኝ ስለሆነ ከዲላ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ልጆቹን በመኪና ውስጥ ማድከም ይሆናል። ስለዚህ የመረጥነው ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የሐዋሳን ሐይቅ፣ በተለይም አሞራ ገደል የተባለውን የዳርቻ ፓርክና በአጠገቡ ያለውን የዓሣ ገበያ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይበትም፤ እንዲህም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም። በምሥራቅ በኩል ከ50 ዓመት በፊት ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ ዛሬ በአፈር ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ለልጆቹ ይህን መንገር አይረሳ። ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ የለንም።

የጊዜው ምርጫ ከቦታው ይልቅ አከራክሮናል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በሐይቆቻችን ይሰፍራሉ፤ ስለዚህ ወቅቱ ከመስከረም በኋላ መሆን አለበት። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፤ በጌዴኦ በዚህ ወቅት ልጅን ከማሳ ወስዶ ወፍ አሳያለሁ ማለት ወላጅን ማስቀየም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ በቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለምትጨናነቅ፣ መኪናም ማረፊያም አይገኝም። ከልደት በኋላ ጥምቀት አለ፤ ወጣቶቹ በዝማሬ ጥናትና በታቦት አጀብ ተጠምደው ይሰነብታሉ። በዚህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ከጥር 15 እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ቡናው ተሰብስቧል፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ያለቀ ወይም ሊያልቅ የተቃረበ ነው፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ደግሞም በየዓመቱ በጥር ወር በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ነው፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። ልጆቻችን በዚያው ወር ሲቆጥሩ ብቻቸውን አለመሆናቸውን ማወቃቸው ደስ ያሰኛቸዋል።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይመረጣል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ልጅ በሐይቅ ዳር ፀሐይ ሊደክም ይችላል። እሑድ ቅዳሴ አለ። ቅዳሜም ቢሆን በማግሥቱ የሚቀድሱ ዲያቆናትና የሚቆርቡ ልጆች በመካከላችን ስለሚኖሩ በጊዜ ተመልሰን፣ ሁሉም በየቤቱ እራቱን በልቶ ለመዘጋጀት እንዲችል ከ12 ሰዓት በፊት ዲላ መግባት ግዴታ ነው።

አሁን ስለ ጥንቃቄ ያለንን እንናገር፤ በዚህ ላይ ረዘም ብንል ይቅርታ ይደረግልን። ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ሥራ ላይ ሳለን 40 ወጣቶችን በአንድ አውቶቡስ ጭነን ወደ አንድ ሐይቅ ዳር ወስደን ነበር። የደረስነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ከበሮው ከመኪናው ወርዶ ዝማሬ ተጀመረ፤ በዳርቻው የነበረው ወፍ ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። ምን እንደምናሳያቸው ስናጣ ጀልባ ተከራየን። ጀልባው ለ10 ሰው የተሠራ ሲሆን 17 ሆነን ተሳፈርን፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት የነበረው ለአራት ሰው ብቻ ነው። ወደ ቀትር ነፋስ ተነሣ። ጉማሬ አየሁ ብሎ ከተቀመጠበት የተነሣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ወደ ውኃው ወደቀ። ባለ ጀልባው ዘሎ አወጣው፤ ልጁም ከውኃ መጠጣት በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ጥፋቱ የባለ ጀልባው ነው ብለን በመንገድ ላይ ተነጋግረን ነበር። አልነበረም። ሰው ቈጥረን ያሳፈርን እኛ ነን፤ ጃኬቱ እንደማይበቃ ያየን እኛ ነን። ለልጁ እናት ነገሩን ለመናገር በሄድን ጊዜ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ይህም ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

ከዚያ በኋላ የያዝናቸው ደንቦች ከዚያ ቀን የወጡ ናቸው። የልጆቹ ቍጥር ከ24 አይበልጥም፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደባል፤ ከአዋቂዎቹም ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሆናሉ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዛል፤ በወረቀቱም ላይ የልጁ የጤና ችግርና የወላጅ ስልክ ይሰፍራል። ጀልባ አስፈላጊ አይደለም። የሐዋሳ ወፎች ከዳርቻ ሆነው በሚገባ ይታያሉ። የግድ ከተባለ ግን ጠዋት ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ሲኖር ብቻ ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ነፋስ አለውና። ልጆች እግራቸውን ወደ ውኃ አይነክሩም፤ በዳርቻው ቀንድ አውጣ ምክንያት የብልሃርዝያ በሽታ አለ። ጉማሬ በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል፤ በቄጠማው አጠገብ ብቻውን የሚሄድ ልጅ መኖር የለበትም። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥን በመኪናው ሳይሆን በአንዱ አዋቂ እጅ ይሁን።

መነሻ ሰዓቱን በተመለከተ በመጀመሪያ ያሰብነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ንጋት ላይ ሐዋሳ መድረስ ነበር። ሾፌሩ «ልጅ ጭኜ በጨለማ አልነዳም» አለን። ልክ ነበረ። 11 ሰዓት ላይ ጸሎት አድርሰን፣ በአፖስቶ በኩል ስናልፍ ነግቶ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አሞራ ገደል ደረስን። የወፎች ጥሩ ሰዓት ከንጋት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል።

ስለ ወጪው ባጭሩ፦ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚወስደው የመኪና ኪራይ ነው። ሁለት አጎራባች አጥቢያዎች አንድ ኮስተር ቢከራዩና 12፣ 12 ልጆች ቢያሳትፉ ይቀላል። ምግብ ከየቤቱ ይምጣ፤ ቆጮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች። የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚ አበል አስቀድሞ በስልክ ይጠየቅ። የአካባቢውን አስጎብኚ መቅጠር እንደ ትርፍ ወጪ አይቈጠር፤ ወፉን በስሙ የሚያውቅ እርሱ ነው። የርቀት መነጽር ከተገኘ 8 በ42 የሚባለው መጠን ለጀማሪ ይስማማል፤ ለስድስት ልጅ አንድ ቢደርስ በቂ ነው። ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ በጽሕፈት ቤታችን ያሉትን አራቱን በውሰት እንሰጣለን።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለጉዞ ሲባሉ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ለቤተ ክርስቲያን የሚያምረው ይህ ልብስ በሐይቅ ዳር ከሩቅ ያበራል፤ ወፉም ቀድሞ ያያችኋል። አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ልብስ እንዲለብሱ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከበሮውም ይምጣ፤ በመንገድ ይዘመር፤ በዳርቻው ግን ከመኪናው አይውረድ።

ከዓሣ ገበያው መጀመር ይጠቅማል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉና ዓሣውን ሲያጸዱ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በሰው መካከል እንደ ሽማግሌ ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮዳ የመሰለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከስድስት ዓመት ልጅ የማያንስ ነው። ልጆቹ ሳቁበት። ሳቃቸው ካለፈ በኋላ ግን «ይህ ወፍ ባይኖር ይህ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሁሉ የት ይሄድ ነበር?» ብለን ጠየቅን። አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ይሸት ነበር» አለች። ትምህርቱ ከዚያ ጀመረ። ዓሣ ወርውረው እንዲያበሉት ግን አይፈቀድ፤ ምንቃሩ ኀይለኛ ነው።

ከዚያ ወደ ዛፎቹ ጥላ ሲገባ ጉሬዛና ጦጣ ይታያሉ፤ ልጆቹ በጦጣ ተስበው ወፉን እንዳይረሱ የቡድን መሪዎች ይጠንቀቁ፤ ምግባችሁንም ከጦጣ ጠብቁ። በዳርቻው ቄጠማ ላይ ጣቶቿ እጅግ የረዘሙ፣ በውኃ ላይ በተዘረጋ ቅጠል የምትራመድ ወፍ አለች፤ ልጆቹ «በውኃ ላይ የምትሄደው» አሏት። በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ራስና ነጭ ደረት ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ተቀምጦ ይጮኻል፤ ድምፁን አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ በአንድ ሥፍራ ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ እንደ ድንጋይ ወደ ውኃው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወጣል። ይህንንም እንዲቆጥሩ አደረግን፤ አንዱ ቡድን ካያቸው 11 ሙከራዎች የተሳካው ሁለቱ ብቻ ነበር። «እግዚአብሔር ይመግባቸዋል ማለት ሳይደክሙ ነው ማለት አይደለማ» ያለው ልጅ ከእኛ ስብከት ይልቅ ለጓደኞቹ ገባቸው።

ፔሊካን በታየ ጊዜ አንድ የአብነት ተማሪ፣ በግእዝ ፊሳልጎስ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ይህ ወፍ ልጆቹን በደሙ ሕያው እንደሚያደርግ መጻፉን ጠቅሶ «ይህንስ ዛሬ እናያለን ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሊሸሽም አይገባውም። ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ የእንስሳትንና የአዕዋፍን ጠባይ ለነፍስ ትምህርት ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ምሳሌው ስለ ክርስቶስ የሚናገረው እውነት ነው። ወፉን በዓይን ስናይ ግን የምናገኘው ሌላ ነው፤ ከምንቃሩ በታች ባለው ሰፊ ከረጢት ዓሣውን ከነውኃው ይዛቅና ውኃውን አፍስሶ ይውጠዋል፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ወደ ወላጃቸው ጉሮሮ አስገብተው ይመገባሉ። መምህሩ ምሳሌን በምሳሌነቱ፣ የታየውን በታየበት ቢያስቀምጥ ልጁ በኋላ ሁለቱም አይጠፉበትም።

ስለ እንግዶቹ ወፎችም ይነገራቸው። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ሽመላ የመሄጃና የመመለሻ ጊዜዋን እንደምታውቅ ይናገራል። ነቢዩ በቅድስት አገር ሰማይ ያያቸው የሚፈልሱ ወፎች ዘሮች ዛሬም በዚያው መንገድ አልፈው፣ የስምጥ ሸለቆን ተከትለው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ። ይህን በካርታ ላይ በጣት ማሳየት ይገባል። የሐዋሳ ዳርቻ ቢበላሽ የሚጎዳው የሐዋሳ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያለ ብዙ ቃል ይታያል።

የአቈጣጠሩ ዘዴ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ባለ መነጽር፣ ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ። በደብተሩ ላይ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የወፉ መልክና ብዛት፣ ሲያደርግ የታየው ይጻፋል። ስሙ ካልታወቀ መልኩ ይበቃል። መንጋ ሲሆን አሥር ቈጥሮ የአሥሩን መጠን በዓይን መያዝ፣ በዚያ መለካት ነው። ስሕተት ይኖራል፤ ደብተሩ ግን ሐሰት አይጻፍበት። «ያላየነውን አንጽፍም» የምትለዋ ደንብ ከሁሉ ትበልጣለች፤ አንዱ ቡድን ፍላሚንጎ ጽፎ ሲጠየቅ «ሊኖር ይችላል ብለን ነው» ስላለ ደብተሩን በፈገግታ አሰርዘነዋል። በዕለቱ ልጆቹ 31 ዓይነት ወፍ ለይተው ጻፉ። አስጎብኚው ስም የሰጣቸው 24ቱን ነው፤ የቀሩት ሰባቱ በመልካቸው ተመዝግበው ቀሩ።

ከቀትር በኋላ ፌስታሉን፣ የውኃ ፕላስቲኩን ሁሉ ለቅመን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣን። ከዚያ በፊት ግን በሾላው ጥላ ሥር ልጆቹን ያወያየንባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ዛሬ ካያችሁት ወፍ ያለ ዛፍ መኖር የማይችለው የትኛው ነው? ወፍ የሌለበት ደን ከስንት ዓመት በኋላ ዘር የሚዘራለት ያገኛል? በግቢያችን ካሉት ዛፎች ሰው ያልተከለው የትኛው ነው፣ ማንስ ተከለው? ሦስተኛው ጥያቄ ልጆቹን ዝም አሰኛቸው። ሾላን የሚዘራው ወፍ ነውና።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች እነዚያው ልጆች የምሥራቁን አጥር 9 ዛፎች ተከፋፍለው ቈጠሩ። ቀድሞ «ወፍ» ብቻ ይባል የነበረው ስም ወጣለት። ስትበር በክንፏ ውስጥ ቀይ የሚፈነጥቀው ሶሪት በአንዱ ዝግባ ላይ ጥንድ ሆና ታየች። በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ጌጥ ያለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ በጠዋት ወደ ሾላው ይመጣል፤ ፍሬውንም ውጦ ወደ ቡናው ማሳዎች ይበራል። ጋጋኖ በዋንዛው ላይ ያድራል። የጌዴኦ ሽማግሌዎችን ስለ ወፎቹ ስም ጠይቀው በጌዴኦኛ የጻፉት ዝርዝር ከእኛ የአማርኛ ዝርዝር ረዘመ፤ ይህንንም በግልጽ ለመናገር አናፍርም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተመሰገነው ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አንድ ላይ የማኖር ጥበብ የእነዚህ ሽማግሌዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናትም በኢትዮጵያ በጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ውስጥ ከአጠገቡ ካለው ደን የሚበልጥ የወፍ ዓይነት መገኘቱን አሳይቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉትን ጥናትና ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው የተሠሩትን የድንጋይ አጥሮች ለኮሚቴው ስናስረዳም፣ የሰሜኑ ምሳሌ ለእኛ አይሆንም ያለ አልነበረም።

በየካቲት ስብሰባ ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ገብተው አነበቡ። ንባቡ ስምንት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር ግን ሁለት ሰዓት ወሰደ፤ ደመወዝ የዘገየባቸው አገልጋይ በዚያው ተቀምጠው ነበርና ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ሱቆቹ ከስምንት ወደ አምስት ተቀንሰው በምዕራብ በኩል፣ ባሕር ዛፉ ባለበት በመንገዱ ዳር እንዲሠሩ ተወሰነ። ባሕር ዛፉ ተሸጦ ለመሠረቱ ወጪ ይውላል። ከምሥራቁ 9 ዛፎች ግንዱ የተቦረቦረው አንድ ዋንዛ ለአጥሩ አደገኛ ነው ተብሎ እንዲቈረጥ ተፈርዶበት ነበር፤ በቡርቡሩ ውስጥ ግን ጎጆ መኖሩን ልጆቹ ስላስመዘገቡ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ይቆይ ተባለ። የሦስቱ ሱቆች የቀረ ገቢ ከየት ይመጣል የሚለው ጉዳይ ገና አልተዘጋም፤ የንብ ቀፎ ሐሳብ ቀርቦ ለሚያዝያ ስብሰባ ተይዟል።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ጉዞውን ለማድረግ የሚፈልጉ አጥቢያዎች ማመልከቻቸውን እስከ ኅዳር 10 ለጽሕፈት ቤታችን ቢያደርሱን መነጽሮቹን፣ የወላጅ ፈቃድ ቅጹንና የቈጠራ ደብተሩን ናሙና እንልካለን። የመኪና ኪራይ በጥር ስለሚወደድ ከታኅሣሥ በፊት መነጋገር ይሻላል።